ኢስራፍ፦ ኪሱ ባዶ የሆነ ሰውም የሚያባክነው ነገር



ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ ወንድሞችና እህቶች! ባለፈው ጁሙዓ ስለ ሰርግ ወጪ ጥቂት ነገር ብለን ነበር። ማታውኑ አንድ ወጣት ወንድም በውስጥ መስመር እንዲህ ሲል ጻፈልኝ፦ «ኡስታዝ፣ አይቀየሙኝና ስለ ኢስራፍ የሚጻፈው ለሀብታም ነው። የኔ ደመወዝ ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል። እኔ ምን አለኝና ነው የማባክነው?»

አልተቀየምኩም። ጥያቄው የብዙዎቻችን ነው። «ኢስራፍ» ሲባል ቶሎ ብሎ ፊታችን ላይ የሚመጣው የተትረፈረፈ ድግስ፣ ውድ መኪና፣ ተበልቶ ያላለቀ ምግብ ነው። ስለዚህ ገንዘብ የሌለው ሰው ርዕሱን ሲያይ «ይሄ እኔን አይመለከትም» ብሎ ያልፋል። ሀብታሙም ቢሆን ከሱ የባሰ ሀብታም አያጣምና «ለነ እገሌ ነው» ብሎ ያልፋል። ሁላችንም ካለፍነው ታዲያ ለማን ወረደ?

በዛሬው ቆይታችን ይህን ቃል ከሥሩ እንየው። ዓረቦች ምን ለማለት ይጠቀሙበት ነበር? ቁርኣንስ የት የት አነሣው? ኢንሻአላህ ስንጨርስ ለዚያ ወንድም ጥያቄም መልስ እናገኛለን።

1. ቃሉ ከየት መጣ?

«ኢስራፍ» ሦስት የሥር ፊደላት አሉት፦ ሲን፣ ራ እና ፋ። በ395 ዓመተ ሂጅራ የሞቱት ታላቁ የቋንቋ ዓሊም ኢብኑ ፋሪስ «መቃዪሱል ሉጋ» በተባለው ሥራቸው የእያንዳንዱን ቃል ሥር እየቆፈሩ መሠረታዊ ትርጉሙን ያወጣሉ። ስለዚህ ሥር ሲናገሩ ሁለት ነገር ያነሣሉ። አንደኛው የምናውቀው ነው፤ ወሰን ማለፍ፣ ከልክ መውጣት። ሁለተኛው ግን ብዙዎቻችን ያልሰማነው ነው፤ አንድን ነገር መዘንጋት፣ ልብ ሳይሉ ማለፍ። የጥንት ዓረብ በሰዎች አጠገብ ሲሄድ ሳያስተውላቸው ካለፈ ይህንኑ ግሥ ይጠቀም ነበር።

ሁለቱ ትርጉሞች የተራራቁ ይመስላሉ። ግን ቆም ብለን ራሳችንን ብንጠይቅ ቅርርባቸው ይገባናል። ከልክ ያለፍንባቸው ጊዜያት አብዛኞቹ ወሰኑን ፊት ለፊት እያየን የጣስንባቸው አይደሉም። ወሰኑ መኖሩን ረስተነው ነው። ከመግሪብ በኋላ «አንድ ነገር ልይና» ብለን ስልክ እንከፍታለን። ቀና ስንል ሌሊቱ ተጋምሷል፣ ዒሻእ አልተሰገደም፣ ፈጅር ደግሞ ከባድ ሊሆን ነው። «ዛሬ አምስት ሰዓት አባክናለሁ» ብሎ ስልክ የሚከፍት ሰው የለም። ወሰኑን ያለፍነው በአጠገቡ ሳናየው ስለሄድን ነው።

ዛሬ ጁሙዓ ነውና ብዙዎቻችሁ ሱረቱል ካህፍን ትቀራላችሁ። 28ኛው አንቀጽ ላይ ስትደርሱ ትንሽ ቆም በሉ። እዚያ አላህ ልቡ ከዚክር የተዘነጋን፣ ዝንባሌውን የተከተለን ሰው እንዳንታዘዝ ይከለክልና የዚያን ሰው ጉዳይ «ፉሩጥ» ይለዋል። ይህም በሌላ ሥር የመጣ ከልክ ያለፈ፣ የተዝረከረከ ማለት ነው። ቅደም ተከተሉን አስተውሉ። መጀመሪያ የልብ መዘንጋት፣ ከዚያ ስሜትን መከተል፣ መጨረሻ ላይ ጉዳዩ ሁሉ ልክ ማጣት።

ሌላው የቁርኣን ቃላት ሊቅ ራጊብ አል-አስፈሃኒ ናቸው። «አል-ሙፍረዳት» በተባለው መጽሐፋቸው ይህን ቃል ሲፈቱ፣ የሰው ልጅ በሚሠራው በማንኛውም ሥራ ወሰን ማለፉ ሁሉ በዚህ ስም እንደሚጠራ፣ በገንዘብ ወጪ ላይ ግን ይበልጥ እንደታወቀ ይገልጻሉ። እንግዲህ እኛ የምናውቀው አንዱን ክፍል ብቻ ነው ማለት ነው።

ራጊብ አንድ የማልረሳው ነገርም ያነሣሉ። ዓረቦች «ሱርፋ» የሚሏት ቅጠል የምትበላ ትንሽ ነፍሳት አለች። ስሟ ከዚሁ ሥር ነው፤ አበላሏ ውስጥ የኢስራፍ ትርጉም ስለታያቸው እንዲህ ተባለች ይላሉ። ሱርፋ የበላችው ዛፍ ደግሞ «መስሩፋ» ይባላል።

ይህን መጀመሪያ ያነበብኩ ጊዜ ኪታቡን ዘግቼ ትንሽ አሰብኩ። ትል ዛፍን እንደ መጥረቢያ በአንድ ቀን አትጥለውም። ድምፅም አታሰማም። ዛሬ አንድ ቅጠል፣ ነገ አንድ ቅጠል ነው። ከሩቅ የሚያይ ሰው ዛፉ ቆሟል ይላል። እውነትም ቆሟል፤ ግን ጥላ የለውም፣ ፍሬም አይሰጥም። ብዙ ጊዜ የኛም ኢማን የሚጎዳው በአንድ ትልቅ መጥረቢያ አይደለም።

2. ቁርኣን የት የት ተጠቀመበት?

ይህ ሥር በተለያየ መልኩ በቁርኣን ውስጥ 23 ጊዜ መጥቷል። ከእነዚህ ውስጥ 15ቱ «ሙስሪፍ» ማለትም ኢስራፍ የሚያደርግ በሚለው ስም ነው። አሁን የተወሰኑትን ቦታዎች አብረን እንዙር።

• ምግብና መጠጥ፦ በአል-አዕራፍ 7:31 አላህ በየመስገጃው ጌጣችንን እንድንይዝ፣ እንድንበላና እንድንጠጣ፣ ነገር ግን ኢስራፍ እንዳናደርግ ያዘናል። ኢስራፍ የሚያደርጉትን እንደማይወድም ይነግረናል።

• አዝመራ፦ በአል-አንዓም 6:141 ከፍሬው እንድንበላ፣ በሚታጨድበት ቀን ሐቁን እንድናወጣ፣ ኢስራፍም እንዳናደርግ ታዝዟል።

• የየቲም ገንዘብ፦ በአን-ኒሳእ 4:6 አሳዳጊዎች የቲሙ አድጎ ገንዘቡን ሳይረከብ እንቅደም ብለው በኢስራፍና በጥድፊያ እንዳይበሉት ተከልክለዋል።

• ደም፦ በአል-ኢስራእ 17:33 ዘመዱ በግፍ ለተገደለበት ሰው አላህ መብት ሰጥቶታል። ግን በመግደል ላይ ኢስራፍ እንዳያደርግ ከለከለው። የተበደለ ሰው እንኳ፣ እውነት ከሱ ጋር ሆኖ፣ ወሰን አለው!

• ስሜት፦ በአል-አዕራፍ 7:81 ነቢዩሏህ ሉጥ (ዐ.ሰ) ሕዝቦቻቸውን ስለ ዝሙታቸው ሲወቅሱ የተጠቀሙት ቃል ይኸው ነው።

• ሥልጣን፦ በዩኑስ 10:83 ፊርዐውን በምድር ላይ የታበየ፣ ከሙስሪፎችም የሆነ ተብሏል።

ምግብ፣ እህል፣ የየቲም ገንዘብ፣ በቀል፣ ስሜት፣ ሥልጣን፤ ሁሉም በአንድ ቃል። ይህ ማለት ከሳህኑ ላይ ምግብ ያስተረፈ ሰው ከፊርዐውን ጋር በወንጀል እኩል ነው ማለት አይደለም፤ አዑዙ ቢላህ። ወንጀሎች ደረጃ አላቸው። ግን መንገዱ አንድ ነው። መንገዱም «የኔ ፍላጎት የት ላይ ይቆማል?» የሚለውን ጥያቄ መርሳት ነው። ፊርዐውን ያንን ጥያቄ እስከ መጨረሻው ረሳው።

3. ዘሩን መንገድ ላይ የበተነው ገበሬ

ከኢስራፍ ጋር አብሮ የሚነሣ ሌላ ቃል አለ፤ «ተብዚር»። ሥሩ «በዝር» ሲሆን ዘር ማለት ነው። ራጊብ መነሻው ዘርን መጣልና መበተን እንደሆነ፣ በኋላ ገንዘቡን ለሚያጠፋ ሰው ሁሉ በምሳሌነት እንደተወሰደ ይናገራሉ።

ምሳሌውን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ጤፍ የሚዘራ ገበሬ ዘሩን በእጁ ይበትናል። ማንም አባካኝ አይለውም፤ የበተነው በታረሰ መሬት ላይ ነውና። ያንኑ ዘር፣ በዚያው እጅ፣ መንገድ ላይ ቢበትነው ግን ወፍ ይለቅመዋል፣ የቀረውን መንገደኛ ይረግጠዋል። እጁ አልተለወጠም፣ ዘሩም አልተለወጠም። የተለወጠው ቦታው ነው።

ለዚህ ነው ብዙ ዑለማኦች ሁለቱን ሲለዩ፣ ኢስራፍ በመጠን ከልክ ማለፍ ነው፣ ተብዚር ደግሞ በማይገባ ቦታ ማዋል ነው ያሉት። ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) ተብዚርን ያለ ሐቅ ማውጣት ብለው ፈቱት። ከታቢዒዮች ሙጃሂድ ደግሞ ሰው ገንዘቡን ሁሉ በሐቅ ላይ ቢያወጣ ተብዚር እንዳልሆነ፣ አንድ እፍኝ ያለ ሐቅ ቢያወጣ ግን ተብዚር እንደሆነ ተናግረዋል።

በአል-ኢስራእ 17:26 ላይ ያለውን አቀማመጥም አስተውሉ። አላህ መጀመሪያ የዘመድን ሐቅ፣ የሚስኪንንና የመንገደኛን ሐቅ ስጥ አለ፤ ከዚያ ነው ተብዚርን የከለከለው። መጀመሪያ የታረሰውን መሬት አሳየን፣ ከዚያ መንገድ ላይ አትበትን አለን። ቀጥሎም ተብዚር የሚያደርጉትን የሸይጧን ወንድሞች አላቸው። አባክነነው የምናየው እያንዳንዱ ነገር የሆነ ቦታ የሚጠብቀው ሐቀኛ ነበረው። በረመዷን ለኢፍጣር ተሠርቶ የተደፋው ሳምቡሳ ጎረቤት ነበረው። በብድር የተደገሰው የሰርግ ሁለተኛ ቀን፣ አዲሶቹ ሙሽሮች የሚከፍሉት የቤት ኪራይ ነበር።

የኛው አማርኛም በዚህ ጉዳይ ሳያውቀው ትልቅ ነገር ይናገራል። «ገንዘቡ ባከነ» እንላለን። ደግሞም ስለ ሰው «ልጁ ባከነ»፣ «ብኩን ሆኖ ቀረ» እንላለን። ብርም ይባክናል፣ ሰውም ይባክናል፤ ለሁለቱም አንድ ቃል ነው ያለን። ይህን ያዙልኝ፤ እንመለስበታለን።

4. በመልካም ነገርም ወሰን አለ

«ለዱንያ ሲሆን ነው እንጂ ለዲን ሲሆን ምን ወሰን አለው?» የሚል አለ። እስቲ እንይ።

አነስ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ውዱእ የሚያደርጉት በአንድ ሙድ ውኃ ነበር። ገላቸውን የሚታጠቡት ደግሞ ከአንድ ሷዕ እስከ አምስት ሙድ በሚደርስ ውኃ ነው። ሐዲሱን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። አንድ ሙድ መካከለኛ ሰው በሁለት እጁ አጣምሮ የሚያፍሰው እፍኝ ነው። በኛ ልኬት ከግማሽ ሊትር ሃይላንድ ትንሽ ይበልጥ እንደሆን እንጂ አንድ ሊትር አይሞላም። አሁን ደግሞ የመስጂዳችንን የውዱእ ቦታ አስቡ። ቧንቧው ተከፍቶ፣ ካልሲ እየተወለቀ፣ እጅጌ እየተሰበሰበ፣ ከጓደኛ ጋር እየተወራ ስንት ሊትር ይፈሳል? ይህ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት፣ ጀሪካን ተሰልፎ በሚያድርበት ከተማ ነው።

ሰዕድ (ረ.ዐ) ውዱእ ሲያደርጉ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ውኃ ማብዛታቸውን አይተው በሚፈስ ወንዝ ላይ ብትሆን እንኳ ኢስራፍ አለ ማለታቸውን ኢብኑ ማጀህ ዘግበዋል። በሰነዱ ላይ ድክመት እንዳለ ብዙ የሐዲስ ሊቃውንት ጠቁመዋልና ይህን ስንናገር አብረን መጥቀስ አለብን። ትርጉሙን ግን የሙዱ ሐዲስ ይደግፈዋል። ውዱእን ሦስት ሦስት ጊዜ አሳይተው፣ በዚህ ላይ የጨመረ ክፉ ሠራ፣ ወሰን አለፈ፣ በደለ ያሉበት በነሳኢና በሌሎች የተዘገበው ሐዲስም አለ።

በአምልኮ ራሱም እንዲሁ ነው። ሦስት ሰዎች መጥተው አንዱ ሌሊቱን ሙሉ ልስገድ፣ አንዱ ዘወትር ልጹም፣ አንዱ ፈጽሞ አላገባም ያሉትን ታሪክ ታውቁታላችሁ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከሁሉም በላይ አላህን የሚፈሩት እሳቸው እንደሆኑ፣ ሆኖም እንደሚጾሙና እንደሚያፈጥሩ፣ እንደሚሰግዱና እንደሚተኙ፣ እንደሚያገቡም ነገሯቸው። በሰደቃም እንዲሁ ነው። የአል-አንዓሙን አንቀጽ በተመለከተ በተፍሲር ኪታቦች ሳቢት ኢብኑ ቀይስ (ረ.ዐ) ተምራቸውን ለቅመው የመጣውን ሁሉ ሲያበሉ ውለው፣ ሲመሽ ለቤታቸው አንድም ፍሬ ሳይተርፍ እንደቀረ ተዘግቧል።

ከነዚህ ሁሉ ወሰን ማለት ሐቅ ላለው ሁሉ ሐቁ እንዲደርሰው የተሠመረ መስመር መሆኑን እንረዳለን። ሰልማን ለአቡ ደርዳእ የነገሯቸውና ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እውነት ነው ያሉት ይህንኑ ነበር፦ ጌታህ ሐቅ አለው፣ ነፍስህም ሐቅ አላት፣ ቤተሰብህም ሐቅ አለው። አንዱ ላይ ከልክ ስናልፍ የሌላውን እየበላን ነው።

5. መሐል ላይ ያለው ቦታ

ከኢስራፍ ለመሸሽ ብሎ ወደ ሌላው ጫፍ መውደቅም አለ። በአል-ፉርቃን 25:67 የረሕማን ባሮች ሲወደሱ፣ ባወጡ ጊዜ ኢስራፍም ንፍገትም የማያደርጉ፣ በሁለቱ መካከል «ቀዋም» ላይ ያሉ ናቸው ተብሏል። ቀዋም ከመቆም ጋር አንድ ሥር ያለው ቃል ነው። ወደ ግራም ወደ ቀኝም ያላጋደለ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ ማለት ነው።

ስለዚህ ጥሩ ልብስ መልበስ ኢስራፍ አይደለም። አንድ ሶሐባ የተጎሳቆለ ልብስ ለብሰው ሲመጡ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ገንዘብ እንዳላቸው ጠይቀው፣ አላህ ከሰጠህ የጸጋው ምልክት ይታይብህ ማለታቸውን አቡ ዳውድና ነሳኢ ዘግበዋል። ለእንግዳ አንድ ዶሮ መሥራትም ኢስራፍ አይደለም። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ሁለት ነገር እስካልነካህ ድረስ የፈለግኸውን ብላ፣ የፈለግኸውን ልበስ ብለዋል፤ ሁለቱም ኢስራፍና ኩራት ናቸው። ልኩ እንደየሰው አቅም ይለያያል። ለአንዱ ተራ የሆነ ስልክ፣ እናቱ መድኃኒት መግዣ ላጣች ልጅ ኢስራፍ ሊሆን ይችላል። የሌላውን ሰው ሳህን እየቆጠርን «ሙስሪፍ» እያልን መፍረድም የኛ ሥራ አይደለም። ይህ ሚዛን የተሰጠን የራሳችንን እንድንመዝንበት ነው።

6. ራስ ላይ የሚደረግ ኢስራፍ

አሁን ወደዚያ ወንድም እንመለስ። ጥቂት ስንጻጻፍ ቆየንና ሁለተኛ መልእክት ላከ። በፈቃዱ፣ ማንነቱን በማይገልጽ መልኩ ላካፍላችሁ፦ «ኡስታዝ፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ ሶላት ካቆምኩ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው። የሠራሁትን እኔ ነኝ የማውቀው። ለጁሙዓ እንኳ ልውጣ ስል አፍራለሁ። አላህ እንደኔ ዓይነቱን የሚፈልገው አይመስለኝም።»

በመጀመሪያው መልእክት «ምን አለኝና አባክናለሁ?» ብሎኝ ነበር። በሁለተኛው ራሱ መለሰው። ያውም እንዲህ ዓይነቱን ሰው አላህ በዚሁ ቃል ጠርቶታል! በአዝ-ዙመር 39:53 ላይ አላህ ነቢዩን «በላቸው» ብሎ የሚያነጋግራቸው ሰዎች መጠሪያቸው «አለዚነ አስረፉ ዐላ አንፉሲሂም» ነው፤ በነፍሶቻቸው ላይ ኢስራፍ ያደረጉት። ስለ ምግብና ስለ ውኃ፣ ስለ በቀልና ስለ ፊርዐውን የመጣው ያው ሲን፣ ራ፣ ፋ ነው። እዚህ ላይ ግን የባከነው ገንዘብ ሳይሆን ነፍስ ራሷ ናት። አማርኛችን «ብኩን» የሚለው ሰው ማለት ነው።

ታዲያ አላህ ምን ብሎ ጠራቸው? «ያ ዒባዲ»፤ እናንተ ባሮቼ። ሙስሪፍ ሆነው ሳለ «የኔ» የሚለውን አልነጠቃቸውም። ቀጥሎ ከአላህ እዝነት ተስፋ እንዳይቆርጡ ከለከላቸው፤ አላህ ወንጀሎችን ሁሉ እንደሚምርም ነገራቸው። የአንቀጹን መውረድ አስመልክቶ ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) እንደተናገሩት፣ ብዙ ነፍስ የገደሉና ዝሙት ያበዙ ሙሽሪኮች ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጥተው፣ የሚጠሩን ነገር መልካም ነው፤ ለሠራነው ማበሻ ቢኖረው ኖሮ አሉ። ያን ጊዜ ነው ይህ የወረደው። ቡኻሪ ዘግበውታል። የነዚያ ሰዎች መዝገብ ከኛ መዝገብ ጋር ሲነጻጸር አስቡት!

በቡኻሪና በሙስሊም ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) የተዘገበ ሌላ ታሪክም አለ። ከኛ በፊት የነበረ አንድ ሰው ነው፤ ሐዲሱ ሲገልጸው በነፍሱ ላይ ኢስራፍ ያደረገ ይለዋል፤ በዚሁ ቃል። ሞት ሲቀርበው ልጆቹን ሰብስቦ፣ ስሞት አቃጥሉኝ፣ ፍጩኝ፣ ከዚያ በነፋስ በትኑኝ፤ ጌታዬ ካገኘኝ ማንንም ያልቀጣውን ቅጣት ይቀጣኛል አላቸው። እንዳለው አደረጉ። አላህም ምድርን አዘዛት፤ የያዘችውን ሰበሰበች፤ ሰውየው ቆመ። ለምን ይህን እንዳደረገ ሲጠየቅ «ጌታዬ ሆይ፣ አንተን ፈርቼ» አለ። አላህም ማረው። የኑዛዜው አሠራር ለኛ አርአያ አይደለም። ግን በዕድሜው ሁሉ ራሱን የበተነ ሰው፣ ሞቶም በነፋስ የተበተነ ሰው፣ ጌታው አንዲት ቅንጣት ሳያጎድል ሰበሰበው። የተበተነን መሰብሰብ ለአላህ አይከብደውም።

ይህን ሰምቶ «እንግዲያውስ ልቀጥልበት» የሚል ካለ ቀጣዩን አንቀጽ ያንብብ። 39:54 ወደ ጌታችሁ ተመለሱ፣ ቅጣቱ ሳይመጣባችሁ በፊት ታዘዙት ይላል። በሩ ክፍት ነው፤ ግን የሚገባበት ነው እንጂ ደጃፉ ላይ የሚተኛበት አይደለም። ተስፋ መቁረጥም ራሱ ወሰን ማለፍ ነው። የኔ ወንጀል ከአላህ እዝነት ይበልጣል ማለት ነውና። አላህ እዝነቱ ሁሉን ነገር እንደምታካልል በአል-አዕራፍ 7:156 ነግሮናል። «ሁሉን ነገር» ውስጥ አንተ የማትገባው ምን ሆነህ ነው?

7. ለዚህ ሳምንት

ዕውቀት ያለ ሥራ እንዳይቀርብን፣ እስከሚቀጥለው ጁሙዓ ሦስት ነገር እንያዝ።

• ውኃ፦ ቢያንስ አንዴ በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውዱእ አድርጋችሁ ሞክሩት። በቂ እንደሆነ ስታዩ ቧንቧው ሥር ያለው እጃችሁ ራሱ ይለወጣል።

• ጊዜ፦ ስልካችሁ በቀን ስንት ሰዓት እንደተጠቀማችሁበት ይቆጥራል። ዛሬ ማታ ቁጥሩን ተመልከቱት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ብዙ ሰው የሚከስርባቸው ሁለት ጸጋዎች ጤንነትና ትርፍ ጊዜ እንደሆኑ ተናግረዋል፤ ቡኻሪ ዘግበውታል። ደመወዙ ወሩ ሳይጋመስ የሚያልቅበት ሰው እንኳ በነዚህ ሁለቱ ሀብታም ነው። ከመክፈታችሁ በፊት ወሰኑን አስቀምጡ። ከተከፈተ በኋላ ወሰን አይታይም።

• ዱዓእ፦ በአሊ ዒምራን 3:147 ከነቢያት ጋር ጸንተው የተዋጉ ሰዎች ያደረጉትን ዱዓእ ሐፍዙት። ወንጀላቸውንና በጉዳያቸው ላይ ያደረጉትን ኢስራፍ እንዲምራቸው ነው የለመኑት። እነዚያ ደጋጎች በነፍሳቸው ላይ ኢስራፍ መኖሩን ካመኑ እኛማ እንዴት አንል?

ወንድሜ ሆይ፣ አንተ ሁለት መልእክት የጻፍክልኝ፤ ይህን እያነበብክ ከሆነ የሁለት ዓመቱን ዛሬ አትቁጠረው። የሚቀጥለው አዛን ሲወጣ ተነሥተህ ውዱእ አድርግ፣ ስገድ። ምን ማድረግ እንዳለብህ ከዚያ በኋላ አብረን እናወራለን። ሸይጧን የሚፈልገው የሁለት ዓመቱን ክብደት አሳይቶ ይቺን አንዷን ሶላት እንዲወስድብህ ነው። ያለህ ሀብት ይቺ ናት፤ አታባክናት።

አላህ ሆይ! ወንጀሎቻችንን ማረን፤ በጉዳያችን ላይ ያለፍነውን ወሰን ማረን። የባከነውን ዕድሜያችንን በተረፈው ካስልን። ከተበተንበት ሰብስበን። ኣሚን።

ሱረቱል ካህፍን መቅራት፣ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሰለዋት ማብዛት እንዳንረሳ። ለአንድ ወዳጃችሁ ብታስተላልፉት ደግሞ ምናልባት የሚጠብቀው እሱ ሊሆን ይችላል።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።